ባች ወይስ ኪው፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባች ሥራን አጠራቅሞ በተወሰነ ሰዓት ባንድ ላይ መሥራት ነው፤ ኪው ደግሞ ሥራው እንደ መልእክት ተሰልፎ በመጣ ቁጥር አንድ በአንድ የሚሠራበት ነው። የሲስተም ዲዛይን በሚገመገምበት ስብሰባ ሁሉ «ባች የድሮ ነው፤ ሁሉንም በኢቨንት እናድርገው» (ነገሩ በተከሰተ ቁጥር መልእክት እየላክን ማለቱ ነው) የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚለው ልጅ ጎበዝ ነው። መልእክቶችን ስለሚያስተላልፈው ሶፍትዌር ስለ ካፍካ አንብቧል፣ ላፕቶፑ ላይ ጭኖም ሞክሯል። ያልሞከረው ነገር ቢኖር ወር መጨረሻ ላይ የፋይናንስ ኃላፊዋ ሲደውሉ መልስ መስጠትን ነው።

ማለቅ ያለበትን ሥራ ኪው ውስጥ መጨመር

ይህኛው ያናድደኛል፤ ስለዚህ ረዘም ብዬ ልናገር። ደመወዝ፣ የወለድ ስሌት፣ የቀን መዝጊያ፣ የግብር መግለጫ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ የሚቆረጡበት ሰዓት አለ። እስከዚያ ሰዓት የገባው ይቆጠራል፣ በኋላ የመጣው ለነገ ያድራል፣ ድምሩም ከመዝገቡ ጋር መግጠም አለበት። ኪው ግን የሚያውቀው ቀጣዩን መልእክት ብቻ ነው። «በቃ፣ ይኼው ነው» የሚል ነገር የለውም።

አንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ መልእክት እያደረገ ኪው ላይ አወጣው። ለአለቆች ሲታይ ያምር ነበር፤ ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የወሩ መጨረሻ ደረሰና ኃላፊዋ ደወሉ፦ «አልቋል? ለባንኩ ደብዳቤውን ልፈርም?» ልጆቹ ዳሽቦርዱን አይተው «ኪው ላይ የቀረ ዜሮ ነው፤ ይፈርሙ» አሉ። አላለቀም ነበር። የተወሰኑትን መልእክቶች ዎርከሮቹ (ከኪው እያነሱ የሚሠሩት ፕሮግራሞች) ይዘው ገና እየሠሩባቸው ነው። ሌሎቹ ተደጋግመው ተሞክረው ስላልሆነላቸው ያልተሳኩ መልእክቶች በሚጣሉበት ዴድ ሌተር ኪው ውስጥ ተጥለዋል። ከአንድ ቅርንጫፍ የሚመጣው የትርፍ ሰዓት መረጃ ደግሞ ከነጭራሹ አልተላከም። የኪው ባዶ መሆን ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም።

ከዚያ ምን አደረጉ? ስንት መልእክት እንደተላከ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ ጨመሩ። ስንቱ እንደተሠራ የሚመዘግብ ሌላ ሠንጠረዥ ጨመሩ። ሁለቱን በየጊዜው የሚያነጻጽር ጆብ (በሰዓቱ የሚነሳ ፕሮግራም) ጻፉ። ባች ሠሩ ማለት ነው! በጓሮ በር፣ ያውም መንገድ ላይ ቢወድቅ ከየት እንደሚቀጥል የማያውቅ ባች።

መጠየቅ ያለበት ቀላል ነው፦ ውጤቱ ትክክል የሚሆነው ሁሉም ሲገባ ነው ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው? ትራያል ባላንስ (የሒሳቦች ሁሉ ማመሳከሪያ ድምር) በግማሹ ላይ «ትክክል» ሊባል አይችልም። ደንበኛ ገንዘብ ሲያወጣ ስልኩ ላይ የሚደርሰው ኤስኤምኤስ ግን ከሌላ ደንበኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ደግሞም ነገ ቢደርስ ምን ይጠቅማል? ያኛውን በባች፣ ይህኛውን በኪው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም መኖራቸው ምንም ነውር የለውም፤ ቀን በኪው እየተቀበሉ መመዝገብ፣ ማታ በባች መዝጋትና ማመሳከር።

ባቹ ቢወድቅስ ብሎ አለመጠየቅ

ባች ወዳጆችም ከወቀሳ አያመልጡም። በጁን 2012 የብሪታንያው የባንክ ግሩፕ አርቢኤስ የሌሊት ሥራዎቹን በተራ የሚያስኬደውን ሶፍትዌር አሻሻለ፤ ችግር ሲያይ ውጤቱን ሳይፈትሽ ወደ ቀድሞው መለሰው። የአንድ ሌሊት ሥራ ሳያልቅ የሚቀጥለው ሌሊት ሥራ ተደረበበት። የአርቢኤስ፣ የናትዌስትና የአልስተር ባንክ ደንበኞች ቀሪ ሒሳባቸውን በትክክል ማየት አቃታቸው፤ ደመወዝ ሳይገባ ቀረ፤ በአልስተር ባንክ በኩል ነገሩ ሳምንታት ፈጀ። በ2014 ተቆጣጣሪዎቹ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ።

ስለዚህ ባች ስትጽፉ ቀድማችሁ መልሱ፦ ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆም ከየት ይቀጥላል? የዛሬው ሳያልቅ የነገው መነሳት ይችላል? የአንድ ቀን የወለድ ሥራ ሁለቴ ቢነሳ ሁለቴ ይከፍላል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነ ሥራችሁ አላለቀም።

መልእክት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል ብሎ ማመን

አይመጣም። የአማዞን የኪው አገልግሎት የሆነው ኤስኪውኤስ በመደበኛ ኪው ቃል የሚገባው «ቢያንስ አንድ ጊዜ» ብሎ ነው። አንድ ዎርከር የወሰደው መልእክት ለሌላው ሳይታይ የሚቆየው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ 30 ሰከንድ ነው። ኮር ባንኪንጉ (የባንኩ ዋና የሒሳብ ሲስተም) ያን ዕለት ተጨናንቆ 40 ሰከንድ ከፈጀ ሌላ ዎርከር ያንኑ መልእክት ያነሳና ደንበኛው ሁለቴ ይቆረጥበታል። ካፍካም ላይ፣ እንዲሁ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ዎርከሩ 5 ደቂቃ ሳይመለስ ከቆየ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ግብይት መለያ ቁጥር ስጡት፤ ያ ቁጥር እንዳይደገም የሚከለክለውም ዳታቤዙ ይሁን። «ኮዱ ውስጥ አረጋግጠናል» አትበሉኝ፤ ሁለት ዎርከሮች እኩል ሲያረጋግጡ ሁለቱም «የለም» ይባላሉ።

ዳታቤዝ ላይ መዝግቦ መልእክቱን ለብቻው መላክ

በሁለቱ መካከል ሰርቨሩ ከጠፋ ገንዘቡ ተቀንሷል፣ የሰማ ግን የለም። መልእክቱን ገንዘቡ በተቀነሰበት በዚያው ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚመዘገብበት ወይ ሁሉም የሚቀርበት) አውትቦክስ በሚባል የሚላኩ መልእክቶች ሠንጠረዥ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ እያነበበ የሚልክ ሌላ ፕሮግራም ይኑር።

ዎርከር በመጨመር ብቻ ይፈጥናል ማለት

ካፍካ መልእክቶቹን ፓርቲሽን በሚባሉ ሰልፎች ይከፋፍላል፤ ሥራውን በሚካፈል አንድ የዎርከሮች ግሩፕ ውስጥ ከፓርቲሽኑ ቁጥር በላይ የጨመራችሁት ዎርከር ሥራ ፈት ነው። ቅደም ተከተል የሚጠበቀውም በአንድ ፓርቲሽን ውስጥ ብቻ ስለሆነ የአንድ ሒሳብ ግብይቶች ወደ አንድ ፓርቲሽን እንዲገቡ የሒሳብ ቁጥሩን ቁልፍ (ፓርቲሽኑ የሚመረጥበት መለያ) አድርጉት።

የሰርቨሩን ሰዓትና የፈረንጅ ወርን ማመን

ክላውድ ላይ ያለ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው የሚሄደው። እኩለ ሌሊት ላይ ይነሳ ያላችሁት ጆብ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል፤ በመካከል ባሉት ሦስት ሰዓታት በሞባይል የተላከው ገንዘብ የትኛው ቀን እንደሚገባ የወሰነ ሰው የለም ማለት ነው። ጆቦችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ክሮን የኢትዮጵያን ወርም አያውቅም። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ስለሚውል ያታልላል፤ አንዱ ያንን አይቶ የመስከረሙንም በሴፕቴምበር 11 ያስረዋል። የ2016 መስከረም 1 ግን የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ጆቡን በየቀኑ አስነሱት፣ ቀኑን ራሱ ያስላ፣ ቀኑ ካልሆነ ዝም ብሎ ይውጣ።

ባለቤት የሌለው ዴድ ሌተር ኪው

ኤስኪውኤስ ላይ መልእክት ቢበዛ 14 ቀን ቆይቶ ይጠፋል፤ ሲጠፋም የሚነግራችሁ የለም። አንድ መልእክት እንደገባ የማን ስልክ እንደሚጮህ ኪው ከመከፈቱ በፊት ይወሰን። «የቡድኑ» የሚል መልስ አልቀበልም፤ የሰው ስም ጻፉ፣ ዕረፍት ሲወጣ የሚተካውንም ጭምር።