ጥርስ ከማስተከልዎ በፊት፦ በአጥንት ሙሌት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንዲት እናት ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ እኔ ዘንድ መጡ። የራጅ ፊልማቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውታል። ገና ሳይቀመጡ፣ «ዶክተር፣ ጎረቤቴን በዱቄት ሞልተው ሸኟት፤ እኔን ለምንድን ነው አጥንት ከአገጭሽ ይቆረጣል የሚሉኝ?» አሉኝ።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ የራስን መንጋጋ በጎረቤት ሕክምና መለካት። የአጥንት ሙሌት ማለት የሚተከለው ጥርስ የሚይዝበት የመንጋጋ አጥንት ሲጎድል መሙላት ነው። ዘዴው የሚመረጠው አጥንቱ የት እንደጎደለና ምን ያህል እንደጎደለ ታይቶ ነው። ጎኑ ጥቂት ከሳሳ፣ የአጥንት ቅንጣት ተሞልቶ በስስ ሽፋን ይከደናል። ጥርሱ የነበረበት የመንጋጋ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ከቀጠነ ግን ቅንጣቱ ብቻውን ቅርጹን መያዝ ይቸግረዋል፤ ያን ጊዜ ከአገጭ ወይም ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥግ ቁራጭ አጥንት ተወስዶ በትንሽ ብሎን ይታሰራል። የላይኛው የኋላ ጥርስ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ከበላዩ ሳይነስ የሚባል የአየር ክፍተት ስላለ፣ ወለሉን ከፍ አድርጎ ከሥሩ መሙላት ያስፈልጋል። የቀረው አጥንት ቁመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ለተከላው በተበሳው ቀዳዳ በኩል ይሠራል፤ በጣም ካነሰ ከጎን መስኮት ይከፈታል። አንዳንዴም አጭር ተከላ በቂ ሆኖ ሙሌቱ ጭራሽ ይቀራል፤ ይህን መጠየቅ አይርሱ።

በተራ ራጅ ብቻ መወሰን ሁለተኛው ስህተት ነው። ለእኒያ እናት የክብሪት ቀፎ ፊት ለፊታቸው አቆምኩ። «ቁመቱን አዩት፤ ውፍረቱስ?» አልኳቸው። ቀፎውን ወደ ጎን አዙረው አዩና፣ «ለካ የእሷ ወፍራም ነበር!» ብለው ሳቁ። ውፍረቱን የሚያሳየው በሦስት አቅጣጫ የሚያነሳው የመንጋጋ ሲቲ ስካን ነው።

ጥርስ አስነቅሎ ዓመታት መቆየትም ዋጋ ያስከፍላል። ከነቀላ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የጠርዙ ስፋት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ለማስተከል ካሰቡ ገና ሳይነቀል ይናገሩ፤ ጉድጓዱን ያኔውኑ መሙላት መሳሳቱን ይቀንሰዋል።

«የራሴ አጥንት ከሁሉ ይበልጣል» የሚሉም አሉ። ሕያው ሴል የያዘ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ቁስል አለው፣ ከአገጭ ሲወሰድ የታችኛውን ከንፈርና የፊት ጥርሶችን ሊያደነዝዝ ይችላል፣ ራሱም በጊዜ ይሟሟል። ከበሬ አጥንት የተዘጋጀው ቅንጣት ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ መጠኑን ይዞ ይቆያል።

የመሙያውን ምንጭ ሳይጠይቁ መፈረም በወሎ ምድር በተለይ የሚቆጭ ነገር ነው። ቅንጣቱ የሚከደንበት ስስ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል፤ ከበሬ የተሠራም አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋልና፣ ሐኪሙ ካልነገረዎት እርስዎ ይጠይቁ።

ችኮላም ያበላሻል፤ ቅንጣት የተሞላበት ቦታ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ሳይነስ ደግሞ አንዳንዴ እስከ 9 ወር ይጠብቃል። ሳይነስ የተነሣለት ሰው ለጥቂት ሳምንታት አይናፈጥ፤ ማስነጠስ ከመጣበትም አፉን ከፍቶ ያስነጥስ። ሲጋራ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፤ ያልተስተካከለ ስኳርም እንዲሁ። ጫትን በተመለከተ «ስፌቱ እስኪወጣ ልተወው?» የሚለኝ ብዙ ነው። ስፌቱ የሚወጣው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ነው፤ አጥንቱ ግን ያኔ ገና ሥራውን መጀመሩ ነው።