የሃይሉክስ ማርሽ ዘንግ ቡሽንግ አቀያየር፦ ሥራውን የሚያቀሉ የመሣሪያ ዘዴዎች

ማርሽ ከገባ በኋላ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ፣ 3ኛ ሲፈለግ 1ኛ የሚገባ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያለቀችው በዘንጉ የታችኛው ጫፍ ላይ የተሰካችው ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ቡሽንግ (ዘንጉ እንዳይላላ የምትይዝ ቀለበት) ናት። ማርሹ እየጮኸ የሚገባ ወይም በጉዞ ላይ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ግን ችግሩ ከፍሪሲዮኑ ወይም ከካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ዘንጉን ከመፍታት በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማው ሥር ታኮ ገብቶ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ ይደረጋል። እጀታው በእጅ ተፈትቶ የላስቲክ መሸፈኛዎቹ ሲነሡ ዘንጉን የያዘው ክብ ክዳን ይታያል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ማራገፍና በጨርቅ መጥረግ የግድ ነው፤ እዚያ የተከማቸው አቧራ ክዳኑ እንደተነሣ የሚወርደው በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ዘይት ነው።

በብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶች ክዳኑ በብሎን የታሰረ ሳይሆን ተጭነው ሲያዞሩት የሚቆለፍ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጠርዙን በካቻቢቴና በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ክዳኑን ይሰብረዋል። ትክክለኛው ዘዴ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ፣ አፉ ሰፍቶ በሚከፈት ፒንሳ ይዞ፣ ወደ ታች እየተጫኑ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ማዞር ነው። ግትር ከሆነ አንድ ሰው ሲጫን ሌላው ቢያዞር ይቀላል። ዘንጉ ከወጣ በኋላ ቀዳዳውን ንጹሕና ክር በማይረግፍ ጨርቅ መድፈን ይገባል።

አሁን አሮጌዋን ቡሽንግ ቀረብ አድርጎ መመልከት ነው። ተሰብራ ከሆነ ስብርባሪዎቹን ገጣጥሞ ሙሉ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የጎደለ ካለ ካምቢዮው ውስጥ ወድቋል። ፕላስቲክን ማግኔት ስለማይስበው፣ በረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ግራሶ ለጥፎ፣ በባትሪ እያበሩ ስብርባሪውን መንካት በቂ ነው፤ ተጣብቆ ይወጣል። በዚህ ካልተገኘ ዘይቱን አፍስሶ መፈለግ ይሻላል።

አዲሷ ቡሽንግ ቀዝቃዛ ሳለች ደረቅና ጠባብ ስለሆነች በመዶሻ ስትመታ ትሰነጠቃለች። ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ብትቆይ ትለሰልሳለች፤ ወዲያው አድርቆ፣ ጫፏን በስሱ ግራሶ ቀብቶ በእጅ መግፋት ነው። እሳት ማስጠጋት ግን ቅርጿን ያበላሻል። በእጅ እምቢ ካለች፣ ከንፈሯ ላይ እኩል የሚያርፍ ቡሶላ (ክብ የብሎን መፍቻ) መርጦ ዘንጉንና ቡሶላውን በሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ በሚይዝ መሣሪያ) መካከል ቀስ እያሉ ማጥበቅ ይቻላል፤ በዘንጉ በኩል ባለው የሞርሳ አፍ ላይ የእንጨት ቁራጭ ማስገባት ብረቱን ከመፋቅ ያድነዋል። የላስቲክ ቱቦ ቆርጦ ወይም ቴፕ ጠቅልሎ መተካት የተለመደ ቢሆንም፣ ዘይት የነካው ቴፕ ተልጦ ካምቢዮው ውስጥ ስለሚወድቅ አልመክረውም፤ ዋናዋ ቡሽንግ ውድ ዕቃ አይደለችም።

እንደ ኮሮላ ባሉ ማርሻቸው በካቦ (በብረት ገመድ) በሚሠራ መኪኖች ላይ የምታልቀው በካቦው ዓይን ውስጥ ያለችው ቡሽንግ ናት። ካቦው በኃይል ከተጎተተ ስለሚታጠፍ፣ አፈ ክፍት ቁልፍ ከዓይኑ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ መፈንቀል ይሻላል። አዲሷን ለማስገባት በአንድ ወገን ትንሽ፣ በሌላው ወገን የቡሽንጓን ከንፈር የሚያሳልፍ ሰፊ ቡሶላ አድርጎ በሞርሳ መጭመቅ ነው።

ዘንጉ ሲመለስ ጨርቁ መውጣቱን ማረጋገጥ፣ ክዳኑን ተጭኖ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ እስኪቆለፍ ማዞር፣ ከዚያም ዘንጉን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መፈተን ያስፈልጋል። ሞተሩ ሳይነሣ ሁሉም ማርሾች፣ የኋላ ማርሽም ጭምር፣ መግባታቸው ከታየ በኋላ የላስቲክ መሸፈኛዎቹ ይመለሳሉ፤ የተቀደደ ካለ አብሮ መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ አቧራው እንደገና ይገባል።