ፖል ከመግዛትሽ በፊት ጣሪያሽን አንኳኪ

ሳሎኔ ውስጥ ፖል፣ ማለትም ለስፖርት እየወጡ የሚለማመዱበትን የቆመ የብረት ዘንግ፣ መትከሌን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መሃል ከተማ ጂም እየተመላለስኩ ምሽቴ በታክሲ ሰልፍ ከሚያልቅ ብዬ ቤቴ አስገባሁት። አንቺም እንደኔ ካሰብሽ ዋጋውን ለጊዜው ተይውና ቀና ብለሽ ጣሪያሽን እዪ።

አብዛኛው የቤት ፖል የሚቆመው በግፊት ነው። ግርጌው ላይ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ዘንጉ በወለሉና በጣሪያው መሃል ይወጠራል፤ ስለዚህ ላይ ያለው ነገር ግፊቱን መቻል አለበት። ኮርኒስ አይችልም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆንሽ፣ ወይም ግቢ ውስጥ ባለ የቆርቆሮ ቤት የምትኖሪ ከሆነ፣ ከራስሽ በላይ ያለው ችፑድና ቆርቆሮ ነውና ይህን ዓይነቱን እርሺው። ለአንቺ የሚሆነው የራሱ መድረክ ያለው ፖል ነው። ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቦታም ይፈጃል፤ ግን ጣሪያ አይነካም።

ከላይሽ ሰው የሚኖር ከሆነ ሶሌታ አለሽ ማለት ነው። እሱም ቢሆን የብዙ ኮንዶሚኒየም ሶሌታ ድፍን ኮንክሪት አይደለም፤ ተሠርተው የመጡ ቢሞች ተደርድረው በመሃላቸው ክፍት ብሎኬት ይገባና ከላይ ኮንክሪት ይፈስበታል። በመጥረጊያ እንጨት አንኳኪው፤ ቢሙ ሥር ድምፁ ድፍን ነው፣ ብሎኬቱ ሥር ባዶ። ፖሉ ማረፍ ያለበት ቢሙ ሥር ነው። ልስኑ ወፍራም ሆኖ ድምፁ ካልለየልሽ አንድ ግንበኛ ጠርተሽ አሳዪ። ቁመቱንም ለኪ፤ ብዙዎቹ የቤት ፖሎች ያለ ማራዘሚያ የሚደርሱት ከ2.2 እስከ 2.7 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ከሁለት ጎን እዪ። ዙሪያውን እጅሽንና እግርሽን ዘርግተሽ የማይነካ ቦታ ይኑርሽ፤ ባለመስታወት ብፌ ካለሽ ወይ እሱ ይውጣ ወይ ፖሉ ይቅር።

ከእኔ በላይ ያሉት እማማ ቡና ሲወቅጡ ዘንጉ በእጄ ላይ ሲርገበገብ ይሰማኛል። የተወጠረ ነገር ቀስ በቀስ ይላላልና ሁልጊዜ ፖሉ ላይ ከመውጣቴ በፊት ይዤ እነቀንቀዋለሁ። ከላላ አጠብቃለሁ።

«በር ሠሪው ጋ አላሠራውም ወይ?» ለምትሉኝ፦ አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው የውሃ ቱቦ የውጭ ውፍረቱ 48.3 ሚሊ ሜትር ነው። የውድድር ፖል 45 ስለሆነ የተቀራረበ ይመስላል። ግን የጋልቫናይዝዱ ፊት ሻካራ ነው፣ ራቁት ጭንሽን ይልጠዋል። ለበረንዳ መደገፊያ የሚሆነው ስቴንለስ ደግሞ ያብለጨልጫል እንጂ ግድግዳው ስስ ነው፤ ለእጅ መደገፊያ የተሠራ ነገር የሚወዛወዝ ሰው እንዲሸከም አልታሰበም። የመበየዱን ሐሳብ ተዪው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ ክሮም ያለው ባለ 45 አስመጪ። እጅሽ ትንሽ ከሆነ 40 ወይም 42 ይሻልሻል። አርቲፊሻል የጆሮ ጌጥ የሚያሳክክሽ ከሆነ ግን ከክሮሙ ሥር ኒኬል አለና በዱቄት ቀለም የተሸፈነውን ምረጪ። የሚሽከረከርም የማይሽከረከርም የሚሆን ከሆነ በማይሽከረከረው ጀምሪ።

የሚይዝሽ ቆዳሽ ነው፤ ቁምጣ የሚለበሰው ለዚያ ነው። ስለዚህ የልምምድ ቀን ሎሽን የለም፣ ቫዝሊን የለም፣ ፀጉርሽን ቅቤ የተቀባሽ ቀንማ ፖሉ አጠገብ አትድረሺ። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ የደረቀ ቆዳም ያንሸራትታል፤ እኔ ከዋዜማው ማታ በትንሹ እቀባለሁ። ብረቱም ማታ ማታ ይበርዳል፣ የቀዘቀዘ ብረት አይያዝም፤ በጨርቅ ደጋግሜ አሽቼ አሞቀዋለሁ። ማጽጃው 70 በመቶ አልኮል ነው፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ግልግል ነው። ቀለበትና አምባር ይውለቁ። የማተብ ክር ምንም አይልም፤ የብረት መስቀሉ ግን ደረትሽንም ፖሉንም ይጭራል።

ማሟሟቂያዬ የብሎኩ ደረጃ ነው። ገመድ መዝለል ከታች ካሉት ጋር ያጣላል። ከሩብ ሰዓት ያላነሰ፣ ከዚያ ትከሻ፣ የእጅ አንጓ፣ ዳሌ። ከመንጠልጠልሽ በፊት ትከሻሽን ከጆሮሽ አርቀሽ ወደ ታች ሳቢ፤ ተዝለፍልፈሽ ከተንጠለጠልሽ ክብደትሽ ሁሉ ጅማትሽ ላይ ያርፋል። ለመገልበጥ እግርሽን አትወርውሪ። ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ስበሽ፣ ሳትዘይ መያዝ እስክትችይ መገልበጥ ይቆይሽ። የሠራሽውን ሁሉ በግራም በቀኝም ሥሪ፤ የማይመችሽን ጎን አስቀድሚ፣ ሲደክምሽ ትዘይዋለሽና። ከሥር ወፍራም ምንጣፍ ይኑር። የስፖንጅ ፍራሽ ከምንም ይሻላል፣ ግን አንገት አያድንም፤ ስትገለባበጪ አጠገብሽ የሚይዝሽ ሰው ይቁም።

«ይሄ የናይት ክለብ አይደለም እንዴ?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሕንድ ውስጥ ማላካም የሚባል፣ ትግል የሚሠሩ ወንዶች በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚለማመዱት የቆየ ስፖርት እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ካላመኑ ቡና አቀርባለሁ።

እረፍቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል፤ በመሃሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ልቀቂ። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ለዚህ ነው «በርትቻለሁ» ባልሽበት ወር ክርንሽ ውስጡን መቆርቆር የሚጀምረው። ያኔ በእጅ አጥብቆ መያዝ የሚጠይቀውን ልምምድ ቀንሺ፤ እግርና ሆድ እየሠራሽ ቆዪ። ጭንሽና የእግርሽ ጀርባ መብለዙ መጀመሪያ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ያዢበት፣ አትሺው። በበለዘው ጭንሽ በማግስቱ ፖሉን አትጭመቂ።

ምግቡ ጾም ላይ ያስቸግራል። ጡንቻ ለሚሠራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ በሁዳዴ ይህን መሙላት ከባድ ነው። ሽሮና ምስር አብዢ፣ የሽምብራ ቆሎና ለውዝ ከቦርሳሽ አይጥፋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ባዶ ሆድሽን አትውጪ፤ በሶ በጥብጠሽ ጠጥተሽ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ ጀምሪ። እኔ በሁዳዴ አዲስ ነገር አልሞክርም፣ የማውቀውን ብቻ እደጋግማለሁ።

አንድ ነገር ቀጭ ሲል ከሰማሽ፣ ወይም መገጣጠሚያሽ አብጦ አልታዘዝ ካለሽ፣ ቤተሰብ ቶሎ ወጌሻ እንጥራ ይላል። ያበጠ ትከሻ ራጅ ሳይነሳ አይጎተት፤ ተሰንጥቆ ከሆነ መሳቡ ያባብሰዋል። ተሽሎሽ ስትመለሺ ክንድሽን ከራስሽ በላይ ያለ ሕመም ማንሳት መቻልሽን እዪ። ከዚያ እግርሽ መሬት ሳይለቅ ፖሉን ይዘሽ ክብደትሽን በጥቂት በጥቂቱ እጅሽ ላይ ጣዪ፤ መውጣቱ ከሳምንት በኋላ ይደርሳል።