አስራ አራት ወንድ ኢቪዎች፦ በፖክሞን እርባታ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፖክሞን ጌም ውስጥ ኢቪ ከሚባለው ፖክሞን ሴት ፈልጌ ነበር። አንዲት ብቻ። ያለኝን ወንድ እንዲራባ ዲቶ ከሚባለው ፖክሞን ጋር አስቀመጥኩና መጠበቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እንቁላል ተፈለፈለ፤ ወንድ። ሁለተኛውም ወንድ። አምስተኛው ላይ "አሁንስ ሴት መሆን አለባት" አልኩ። ወንድ። አስራ አራተኛው ላይ ስደርስ አስራ አራት ወንድ ኢቪዎች ተሰልፈው ያዩኛል። ጌሙ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ።

ጌሙ ምንም አልሆነም። የተበላሸው የኔ ሂሳብ ነበር።

ጾታም እርባታም ወደ ፖክሞን የገቡት በ1999 ጃፓን ውስጥ በወጡት ጎልድና ሲልቨር በተባሉት ጌሞች ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጎቹ ብዙ ተቀያይረዋል። እኛ የምንሳሳተው ግን እዚያው ቦታ ላይ ነው። አብዛኛው ስህተት ደግሞ የሚሠራው እንቁላሉ እጃችን ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ብንሯሯጥ የምንቀይረው ነገር የለም።

ሁሉም ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ መነሳት

ወንድና ሴት እኩል የሚወለዱባቸው ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። ጌሙ ለየዝርያው የራሱን ድርሻ መድቧል። በጉዞው መጀመሪያ ከሦስት አንዱን የምንመርጣቸው ጀማሪ ፖክሞኖች 87.5 በመቶ ወንድ ናቸው። ኢቪም እንደዚያው ነው። ከ8 አንዷ ብቻ ሴት ማለት ነው። ማቾፕና አብራ 75 በመቶ ወንድ ናቸው። ቩልፒክስና ክሌፌሪ በተቃራኒው 75 በመቶ ሴት። ቶሮስ ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ ቻንሲና ካንጋስካን ሁልጊዜ ሴት። ማግኔማይትና ስታርዩ ደግሞ ጭራሽ ጾታ የላቸውም።

"ከ8 አንዷ" ማለት ግን 8 ካስፈለፈልኩ አንዷ አትቀርም ማለት አይደለም። እኔ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ እንቁላል ለብቻው የሚወጣ ዕጣ ነው። ከሱ በፊት ስንት ወንድ እንደወጣ አያውቅም። ቁጥሩን ብታሰሉት 8 እንቁላል አስፈልፍሎ አንዲትም ሴት ያለማግኘት ዕድል 34 በመቶ ገደማ ነው። በ16 እንቁላል ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። በ24 እንኳን 4 በመቶ ይቀራል። የኔ አስራ አራት ወንዶች 15 በመቶ ገደማ ናቸው። ከስድስት ሰባት ተጫዋች አንዱን የሚገጥመው ተራ መጥፎ ዕድል ማለት ነው። ለተአምር እንኳን አይበቃም።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የዝርያውን ድርሻ እዩ። ሴት ጀማሪ ፖክሞን ፈልጋችሁ ከሆነ ሰላሳ እንቁላል ሊወስድ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ። ቶሎ ከመጣች ትርፍ ነው።

የልጁን ዝርያ ከአባት መጠበቅ

ጊዜ በመብላት ይህን የሚያህል ስህተት የለም። ልጅ የሚወስደው የእናቱን ዝርያ ነው። ወንድ ቻርማንደር ከሴት ድራቲኒ ጋር ብታስቀምጡ የሚፈለፈለው ድራቲኒ ነው። መቶ ጊዜ ብትደጋግሙት መቶ ድራቲኒ ይኖራችኋል። እናትየዋ ያደገች ብትሆንም ልጁ ከሥር ይጀምራል፤ ከቻሪዛርድ እናት የሚወጣው ቻርማንደር ነው።

መውጫው ዲቶ ነው። ዲቶ ከሌላ ፖክሞን ጋር ሲቀመጥ ልጁ የዚያኛውን ዝርያ ይወስዳል፣ ወንድም ይሁን ሴት። ጾታ የሌላቸውም የሚራቡት በዲቶ ብቻ ነው። ዲቶን ከዲቶ ጋር አስቀምጦ እንቁላል የሚጠብቅ ሰው ግን አይቻለሁ። አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጠይቁት ነገር አለ። ዲቶ ካለ ሴት ፍለጋ ምን አስለፋን? የሚያስለፋ ምክንያት አለ። ሴቷ ከዝርያዋ ጋር ሌላም ነገር ታወርሳለች። ኤክስና ዋይ ከተባሉት ጌሞች ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 ወዲህ፣ ልጁ የሚወጣበትን ኳስ (ፖክሞን የሚያዝበትን) የሚወስነው የእናቱ ኳስ ነው። በ2016 ሰንና ሙን ሲመጡ ሁለቱም ወላጆች አንድ ዝርያ ከሆኑ የአባትም ሊወረስ ቻለ። ድብቅ ችሎታ (በተለምዶ የማይገኝ ልዩ ችሎታ) ያላት እናት ደግሞ ችሎታውን በ60 በመቶ ዕድል ታስተላልፋለች። ወንዱ ይህን ማድረግ የሚችለው ከዲቶ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። በሚያምር ኳስ የተያዘች፣ ድብቅ ችሎታ ያላት አንዲት ሴት በእጁ ያለው ተጫዋች ስንቱን ይቀያየርባታል!

ወንድና ሴት ስለሆኑ ብቻ አንድ ላይ ማስቀመጥ

ፖክሞኖች በ15 የእንቁላል ቡድኖች ተከፋፍለዋል። ጥንዶቹ ቢያንስ አንድ የጋራ ቡድን ከሌላቸው እንቁላል የለም። ጥንዶቹን የምትተዉላቸው ተንከባካቢዎች "እርስ በርስ መጫወት አይፈልጉም" ዓይነት ነገር ካሏችሁ መልሱ ያ ነው፤ ውሰዷቸው። እንደ ፒቹና ቶገፒ ያሉ ሕፃናትም አይራቡም። ከጥቂቶች በቀር አፈ ታሪካዊዎቹም እንዲሁ። ማናፊን ከዲቶ ጋር ብታስቀምጡ እንቁላል ይሰጣችኋል፣ ግን የሚወጣው ፊዮኒ ነው። ፊዮኒ ደግሞ አድጎ ማናፊ አይሆንም።

ኒዶራን ላይ ደግሞ ልዩ ወጥመድ አለ። ሴቷ ኒዶራን ወንድም ሴትም ኒዶራን ትወልዳለች። ኒዶሪና ከሆነች በኋላ ግን መውለድ ታቆማለች። ኒዶክዊንም አትወልድም። ወንዶቹ ኒዶሪኖና ኒዶኪንግ ግን ይራባሉ። ለምን? ከጎልድና ሲልቨር ጀምሮ እንዲሁ የቆየ ነገር ነው፣ ማንም አልነካውም። እናት እንድትሆን የምትፈልጓትን ሳታሳድጉ አስቀሩ።

ጾታን ሳያዩ ማሳደግ

ኮምቢ የምትባል ንብ መሳይ አለች። ሦስት ፊት ያላት የማር እንጀራ ናት። በሌቨል 21 ኢቮልቭ አድርጋ ቬስፒክዊን ትሆናለች። ሴት ከሆነች። ወንዱ ኮምቢ ሌቨል 100 ቢደርስም ኮምቢ ነው። ከኮምቢዎች ደግሞ 87.5 በመቶው ወንድ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ወንድ ይይዝና ሌቨል 30 ላይ ሆኖ "ምነው ዝም አለ?" ይላል። ምልክቱ ቀላል ነው። የታችኛዋን ፊት ግንባር እዩ። ቀይ ምልክት ካለ ሴት ናት። ከሌለ ልፋታችሁን ተዉት።

ሳላንዲትም ተመሳሳይ ናት፤ ሳላዝል የምትሆነው ሴቷ ብቻ ናት፣ በሌቨል 33። ኪርሊያ በዶውን ስቶን ጋሌድ የሚሆነው ወንድ ከሆነ ነው። ስኖረንት በዚያው ድንጋይ ፍሮስላስ የምትሆነው ሴት ከሆነች ነው። ከእንቁላል እንደወጡ ጾታቸውን ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሰላሳ ሌቨል ማሳደግ ግን ቀላል አይደለም።

ሴቭ አድርጎ ጾታን ለመቀየር መሞከር

"ሊፈለፈል ሲል ሴቭ አድርግ፣ ወንድ ከወጣ ሪሴት አድርግ" የሚል ምክር ይዞራል። ውሃ መውቀጥ ነው። እንቁላሉን ስትቀበሉ ልጁ ወንድ ወይ ሴት መሆኑ ተወስኖ አልቋል። ሃያ ጊዜ ብትመልሱት ሃያ ጊዜ ያው ወንድ ይወጣል። እኔ በአንዱ እንቁላል ላይ አራቴ ሞክሬያለሁ፣ እያፈርኩም ቢሆን ልናገር።

ዕቃዎቹም ላይ ያው ነው። ወላጅ ኤቨርስቶን ከያዘ ባህሪውን ያወርሳል። ዴስቲኒ ኖት ደግሞ ከሁለቱ ወላጆች 12 አይቪዎች (የፖክሞኑን ጥንካሬ የሚወስኑ ድብቅ ቁጥሮች) ውስጥ የሚወረሱትን ከሦስት ወደ አምስት ያሳድጋል። በቡድናችሁ ውስጥ ፍሌም ቦዲ የሚባል ችሎታ ያለው ፖክሞን ካለ የመፈልፈያው እርምጃ በግማሽ ይቀንሳል። እነዚህ እውነት ናቸው። የልጁን ጾታ የሚመርጥ ዕቃ ግን የለም። ማን ቀድሞ ተቀመጠ፣ በቀን ነው በማታ የሚባለውም ለውጥ አያመጣም።

የአንዱን ጌም ሕግ ለሌላው መጠቀም

በዚያው በፖክሞን ውስጥ እንኳን ሕጉ ይለያያል። በጎልድና ሲልቨር ጾታ የሚወሰነው ከአታክ (የማጥቃት ኃይል) ድብቅ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ከ0 እስከ 15 ነው። ሴት ጀማሪ ፖክሞን የምትሆነው ቁጥሩ 0 ወይም 1 ሲሆን ብቻ ነው። ሴት ከሆነች በአታክ ደካማ ናት ማለት ነው። ሻይኒ (ቀለሙ የተለየ ብርቅዬ ፖክሞን) ለመሆን ደግሞ ቢያንስ 2 ያስፈልግ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? በዚያ ትውልድ ሻይኒ የሆነች ሴት ጀማሪ ልትኖር አትችልም። የድሮውን ጌም ከፍታችሁ የምትፈልጓት ከሆነ አትድከሙ። በኋላ ይህ ትስስር ተቆርጧል።

ከፖክሞን ስትወጡማ ይብሳል። በ2024 መጀመሪያ የወጣው ፓልወርልድ ወንድና ሴት ይፈልጋል፣ ኬክም ይፈልጋል። የልጁን ዝርያ ግን እናት አትወስንም። የሁለቱ ወላጆች ድብቅ ቁጥር ተደምሮ ይካፈልና ሌላ ሦስተኛ ዝርያ ሊወጣ ይችላል። በቴምቴም ልጁ እንደ ፖክሞን በእናቱ ይወጣል፤ ሆኖም ወላጆቹ ልጅ በወለዱ ቁጥር የመውለድ አቅማቸው ይቀንሳል፣ ሲያልቅ አለቀ። እንደ ፖክሞን አንድ ጥንድ አስቀምጦ ሃምሳ እንቁላል መሰብሰብ የለም። ድራገን ክዌስት ሞንስተርስ ደግሞ ይባስ ብሎ ወላጆቹን ይወስዳቸዋል። ልጁ ሲመጣ እነሱ ይሄዳሉ። ያሳደጋችሁትን ጀግና ሳታውቁ የምታጡበት ጌም እሱ ነው።

ወንዶቹን ቸኩሎ መልቀቅ

ሴት ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ወንዶቹን እንደ ቆሻሻ ያያል። ቦታ ያጣብባሉ፣ ይለቃቸዋል። ግን ከወላጆቹ የተሻለ አይቪ ይዞ የወጣ ወንድ ካለ ቀጣዩ አባት እሱ መሆን አለበት። በድሮዎቹ ጌሞች የእንቁላል ሙቭ (ልጁ ከወላጅ ይዞት የሚወለድ የውጊያ ዘዴ) የሚያወርሰው አባት ብቻ ነበር፤ ከኤክስና ዋይ ወዲህ ሁለቱም ያወርሳሉ። በየትኛውም ዘመን ወንዱ ጥቅም አለው። ዝርዝሩን ሳታዩ አትልቀቁ።

የኔ ሴት ኢቪ በ19ኛው እንቁላል መጣች። እስከዚያ ድረስ አስራ ስድስት ወንዶችን በንዴት ለቅቄያለሁ፣ አንዱንም ሳላይ። ሁለቱ ብቻ ቀርተው ነበር። እሷ ከመጣች በኋላ አባት ፍለጋ ሁለቱን ከፍቼ አየኋቸው። አንደኛው አምስት ሙሉ አይቪ ነበረው። ከአስራ ስድስቱ መሃል ምን እንደነበር እስካሁን አስባለሁ።