የቼንሶ ምላጭና መጠበቂያ፦ ፈታችሁት አልገጥም ካለ

ባለፈው ሰሞን አንድ ደንበኛ ሐዋሳ ወዳለችው መጠገኛ ቤቴ መጣ። በአንድ እጁ ቼንሶ፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ ምላጩ፣ መጠበቂያው፣ አንድ ፒንና የጠመመ ሽቦ አሉ። «የእህቴ ልጅ ሊያጸዳው ፈታው፤ ሲገጥመው እምቢ አለው» አለኝ። ፌስታሉን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አራገፍኩት።

«ሞላውስ ጋሼ?»

«የምን ሞላ?»

አዎ፣ ነገሩ ሁሌም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ በስሞቹ እንግባባ። ቼንሶ የምለው የሞተር መጋዙን ነው። ምላጭ የምለው በጣት የሚሳበውን፣ ነዳጅ የሚሰጠውን ነው። መጠበቂያ የምለው ደግሞ ከኋላው እጀታ ላይ ብቅ ብሎ በመዳፍ የሚጫነውን ነው። ቃሉን ከጠመንጃ ነው የተዋስኩት፤ ሥራውም ያው ነው። መዳፍ እጀታውን በደንብ ካልያዘ ምላጩ አይሳብም። ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገቡ ቅርንጫፍ ምላጩን ቢነካው እንኳ ሞተሩ አይጮህም። ሙሉ ነዳጅ የተሰጠው ሰንሰለት በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ የምታግደው ይሄንን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጠበቂያው ከሆዱ በኩል አንዲት ጥርስ አለችው። ሞላው መጠበቂያውን ወደ ላይ ሲገፋው ጥርሷ የምላጩ ጭራ ላይ ትደገፍና መንገዱን ትዘጋለች። በመዳፍ ስትጫኑት ጥርሷ ትሸሻለች፣ ምላጩ ይሳባል። ምላጩ ላይ የተንጠለጠለው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ካርቡሬተሩ ድረስ ሄዶ ነዳጁን ይከፍታል። ብዙዎቹ ትንንሽ ቼንሶዎች ላይ አንድ ሞላ ሁለቱንም ያገለግላል፤ አንዱ እግሩ ምላጩን፣ ሌላው እግሩ መጠበቂያውን ይገፋል። አንዳንዶቹ ላይ ለየራሳቸው ሞላ አላቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከመፍታታችሁ በፊት እዩ። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከሁለት አቅጣጫ። የሥልኩ ፎቶ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ። የካንዴላውን ቆብ ንቀሉ። ሰንሰለቱንም አውልቁት፤ እጀታውን ስታገላብጡ እጃችሁን የሚቆርጠው የቆመው ሰንሰለትም ነው።

መጠበቂያውን ተጭኜም ምላጩ አይሳብም

ካልተፈታ ቼንሶ ላይ ይሄ ከመጣ፣ ከአሥር ዘጠኙ ሰጋቱራ ነው ብዬ እጀምራለሁ። እዚህ አካባቢ የሚቆረጠው በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው፤ እርጥብ ሰጋቱራው ጭቃ ይሆናል። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ዘይቱና ሰጋቱራው ተቀላቅለው እጀታው ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃሉ። የእጀታውን ክዳን ከፍታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በትንሽ ቤንዚን እጠቡት። በካቻቢቴ አትፈልፍሉት፤ ፕላስቲኩ ይጫራል፣ የተጫረው ደግሞ ኋላ ይይዛል።

ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ ግን ምክንያቱ የሞላው እግር ነው። መቀመጥ ካለበት ቦይ ወጥቶ ከመጠበቂያው ጥርስ ስር ገብቷል። መጠበቂያው ሲጫን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። እንደገና ፍቱት። ዘዴ የለውም።

አንድ ጊዜ ሞላው ልኩ ያልሆነም ገጥሞኛል። ከባጃጅ የተነቀለ ሞላ ቆርጠው አስገብተውበት ነበር። ይሠራል፤ ግን መዳፍ ይሰብራል። ባለቤቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁ ሲዝል መጠበቂያውን በጎማ አስሮ መቁረጡን ቀጠለ። እንዲህ ነው የሚሆነው።

መጠበቂያውን ሳልነካ ምላጩ ይሳባል

ይሄኛውን ብዙ ሰው ችግር ብሎ አያመጣውም። እንዲያውም «ተመችቶኛል» ይላሉ። እኔ ግን የምፈራው ይሄንን ነው።

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ሞላው ተሰብሯል ወይም ጨርሶ አልተገጠመም፤ መጠበቂያው ወድቆ ስለሚቀር ጥርሷ አትዘጋም። ሁለተኛው፣ ጥርሷ ተበልታ ክብ ሆናለች። አውጥታችሁ ጥፍራችሁን አሳልፉባት፤ ሹል ጠርዝ ካልተሰማችሁ አልቃለች። በሙጫ አትሞሉትም፣ በሞቀ ብረት አታቀልጡትም። መለወጥ ብቻ ነው። ሦስተኛው የአገጣጠም ስህተት ነው፦ ምላጩ ከመጠበቂያው በኋላ ገብቶ ጭራው ከጥርሷ በላይ ተቀምጧል። ፎቶውን አይታችሁ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ።

መጠበቂያውን በሽቦ ወይም በጎማ አስሮ የሚመጣ አለ። ፈትቼ እጥለዋለሁ። የሚናደድ ይናደዳል።

ምላጩ ይሳባል፣ ሞተሩ ግን ፍጥነት አይጨምርም

ሽቦው ከአንዱ ጫፍ ወልቋል፤ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የሚወልቀው በካርቡሬተሩ በኩል ነው። የአየር ፊልትሮውን አንሱና እያያችሁ ምላጩን ሳቡ። ሽቦው ሄዶ የካርቡሬተሩ ክንድ ካልዞረ መንጠቆው አልገባም ማለት ነው። ሽቦው ራሱ ካልሄደ የወለቀው ከምላጩ ጋ ነው፤ ያኔ ፒኑን መንቀል ግድ ነው።

ምላጩን ለቅቄ ሞተሩ ይጮሃል

እዚህ ላይ ተረጋጉ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም የምላጩ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ የማስነሻውን ቦታ እዩ። ብዙዎቹ ቼንሶዎች በብርድ ሲነሱ ነዳጁ ግማሽ ተከፍቶ ይቆለፋል። ምላጩ አንዴ ሲነካ ቁልፉ ይለቃል፣ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ምላጩ ሳይነካ ቀስ ብሎ ወደሚዞርበት፣ ይወርዳል። ምላጩን ሳትነኩ «ይጮሃል» ብላችሁ ከሆነ ችግር የለበትም፤ አንዴ ሳብ አድርጉት።

ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። ሲፈታ በፒንሳ የተጎተተ ሽቦ ይጠማል። የጠመመ ሽቦ ያጥራል፤ ያጠረ ሽቦ ደግሞ ካርቡሬተሩን ሙሉ ለሙሉ አያስዘጋውም። የፌስታሉ ሽቦ እንዲህ ነበር። ጠፍጣፋ ብረት ላይ አድርጌ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ አቀናሁት። መታጠፍ ያለበትን ቦታ ግን አታቅኑት! ከፋብሪካ የመጣ መታጠፊያ አለው፤ ከጠመመው የምትለዩት ስለታም የተጨማደደ ምልክት ስለሌለው ነው።

ሽቦው ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ምላጩን ስባችሁ ልቀቁ። «ጠቅ» ብሎ በራሱ መመለስ አለበት። ከተጎተተ ሰጋቱራ አለ ወይም ፒኑ ተጣሟል። ጠቅ ካለና ሞተሩ አሁንም ከጮኸ እጀታውን ተዉትና ወደ ሚኒሞ ብሎኑ ሂዱ። ስቲል የሚባለው ቼንሶ ላይ «ኤል ኤ» (LA)፣ ሀስክቫርና የሚባለው ላይ «ቲ» (T) የሚል ፊደል አለበት። ሰንሰለቱ እስኪቆም ወደ ግራ አዙሩት፣ ከቆመ በኋላም ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ነገር አለ። ሐዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። የሲዳማዋ ሀገረ ሰላም ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ ነዳጅ እንዲቀንስ ተደርጎ ይስተካከላል። ያው ቼንሶ ወደ ሐዋሳ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፣ ሚኒሞው ከፍ ይላል። ሰውየው ምላጩን ሲፈታ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የቁልቁለቱ ነው። ይሄም ካልሆነ በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ይሆናል። ያንን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ኑ፤ በዚህ ሁኔታ እየጮኸ የሠራ ሞተር ፒስተኑን ይበላል።

የማስነሻው ማንሻ ወደ ታች አይወርድም

አንዳንድ ትንንሽ ስቲሎች ላይ ማጥፊያውም ማስነሻውም አንድ ማንሻ ነው። ወደ ብርድ ማስነሻው የሚወርደው መጠበቂያውና ምላጩ አብረው ሲጫኑ ብቻ ነው። አልተበላሸም። በጉልበት ስትገፉት ግን ይሰበራል።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ሞላ የሚጠፋው ሲገጠም ነው። ስለዚህ እጀታውን ውስጡን የሚያሳይ ትልቅ ነጭ ላስቲክ ውስጥ አስገቡትና እጃችሁንም አብራችሁ አስገቡ። ሞላው ቢፈናጠር ላስቲኩ ይይዘዋል። ሽቦውን መጀመሪያ ምላጩ ላይ ስቀሉ፤ በኋላ ቦታ አይኖራችሁም። ከዚያ ሞላውን ምላጩ ላይ አልብሳችሁ ወደ እጀታው አስገቡ። ቀዳዳዎቹ ልክ አይገጥሙም፣ ሞላው ይገፋቸዋል። ቀጭን ሚስማር በአንድ በኩል አስገብታችሁ አስተካክሉ፤ ፒኑን በሌላ በኩል ግፉት፣ ሚስማሩን እያስወጣ ይገባል። ፒኑ ከሁለቱም ጎን ከእጀታው እኩል መሆን አለበት፤ ብቅ ካለ በሥራ ላይ ይወጣል። የሞላውን ነጻ እግር በፒንሳ ይዛችሁ መጠበቂያው ስር ባለው ቦይ አስቀምጡና መጠበቂያውን ግፉት። በመጨረሻ የሽቦውን ጫፍ ካርቡሬተሩ ላይ ስቀሉ፣ ክዳኑን መልሱ።

ሞተሩን ሳታስነሱ ፈትሹ። ምላጩን ብቻ ሳቡ፤ መሳብ የለበትም። ሁለቱን አብራችሁ ተጫኑ፤ እስከ መጨረሻው ይሂድ። ሁለቱንም ልቀቁ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይመለሱ። እጀታውን ገልብጣችሁ ይሄንኑ ድገሙ፤ ላላ ያለ ሞላ ተገልብጦ ነው የሚታወቀው። ከዚህ በኋላ ሰንሰለቱንና ቆቡን መልሱ፣ ቼንሶውን መሬት ላይ አስደግፋችሁ አስነሱ። በሚኒሞ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይቁም።

የፌስታሉ ነገር? «በሽቦ ብናስረውስ?» ብሎኝ ነበር ጋሼ። እምቢ አልኩ፣ ቅር ብሎት ሄደ። በማግስቱ የእህቱ ልጅ ራሱ መጣ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሰጥቼ ቼንሶውን የፈታበትን በረንዳ እንዲጠርግበት ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ሞላውን ይዞ ተመለሰ፤ የአበባ ማስቀመጫ ስር ነበር። እኔ አልገጠምኩለትም። ላስቲኩን ዘርግቼ እሱን አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሲገጥም 40 ደቂቃ ፈጀበት። አስፈታሁት። በሦስተኛው ስልኩን ኪሱ ከትቶት ነበር።