የአሮጌ ቤትዎን ታሪክ በር ላይ ከመስቀልዎ በፊት

ቀሃ ወንዝ ዳር ያለችውን ምግብ ቤቴን ስከፍት «በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ» የሚል ሰሌዳ በር ላይ ሰቅዬ ነበር። ጎንደሬ የድንጋይ ግድግዳ ሲያይ ፋሲል ነው የሚመጣበት። በሦስተኛው ቀን አንድ አባት ቡና አዘው፣ ሰሌዳውን አንብበው ሳቁ። «ልጄ፣ የዚያኛውን ክፍል ድንጋይ የጠረበው እኮ አባቴ ነው!» ያን ዕለት ማታ አወረድኩት።

እርስዎም አሮጌ ቤት ምግብ ቤት ሊያደርጉ ከሆነ ልስኑን ከማደስዎ በፊት ግድግዳውን ይዩት። ከማይታይ ጥግ በቢላዋ ፋቅ ያድርጉ። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ማያያዣ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ከሆነ ጭቃ ነው። ነጭ ሆኖ የሚፋቀው ኖራ ነው፤ የነገሥታቱ ግንቦች የተሠሩት በእሱ ነው። ግራጫና ድርቅ ያለው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ስላዩ ብቻ ግን ቤቱ አዲስ ነው አይበሉ። ጣሊያን የፋሲልን ግቢ ሲጠግን ሲሚንቶ ተጠቅሟል። የእኔ ሁለቱ ክፍሎች በጭቃ፣ ሦስተኛው በሲሚንቶ ነው የተሠሩት። (ግንቦቹ አጠገብ ከሆኑ ሳይፈቀድልዎ ቢላዋም እንዳያነሡ!)

ከዚያ ሽማግሌ ይጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?» ካሉ መልስ አያገኙም። «ጣሊያን ሲገባ ነበረ? ደርግ ቤት ሲወርስስ ማን ነበር የሚኖርበት?» ይበሉ። ዓመቱን እርስዎ ያሰሉታል። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 1933 ነፃ ስትወጣ ጎንደር እስከ ኅዳር 1934 በእጁ ነበረች። ስለዚህ እኛ ጋ «የጣሊያን ጊዜ» አንድ ክረምት ይረዝማል። ትርፍ ቤት የተወረሰው ደግሞ ሐምሌ 1967 ነው። የእኔ ትንሿ ክፍል የበቅሎ ጋጣ እንደነበረች ያወቅሁት እንዲህ ስጠይቅ ነው። የብረት ቀለበቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ደንበኞች ቦርሳ ይሰቅሉበታል።

ወንዙንም አይርሱት። ሙላቱ የት ድረስ እንደመጣ ጎረቤት ያውቃል። እኔ ሳልጠይቅ ፍሪጁን ጋጣዋ ውስጥ አስቀምጬ ነሐሴ ላይ ጉድ ሆኛለሁ።

አዲሱ ሰሌዳ «ሁለቱ ክፍሎች ከጣሊያን በፊት፣ አንዱ ከጣሊያን በኋላ» ይላል። እኒያ አባት መጥተው አነበቡት። «የአባቴ ስምስ?» አሉኝ። ጸሐፊውን መልሼ ጠርቼዋለሁ።