የሀብታም ቤተሰብ ልቦለድ ሁለተኛ ቅጽ እንዴት ይጻፋል?

የአንድ ሀብታም ቤተሰብን ውጣ ውረድ የሚተርክ ልቦለድ ያሳተመ ደራሲ ሁለተኛውን ቅጽ ለመጀመር ሲቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ አዲስ ምሥጢር መፈልሰፍ ነው። ከውጭ አገር ድንገት የመጣ ልጅ፣ ከሣጥን ሥር የተገኘ ደብዳቤ፣ በመርዝ የሞተ አያት ወዘተ. ይደረደራሉ። ይህ መንገድ እንደማያዋጣ በራሴ ረቂቅ አይቼዋለሁ። አንባቢ በመጀመሪያው ቅጽ ጨርሶ ያልነበረ ነገር በሁለተኛው ሲነገረው እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል፤ ዐይኑ እያየ ያለፈውን ነገር መልሰው ሲያሳዩት ግን በራሱ ይገረማል፣ የፊተኛውን መጽሐፍም ከመደርደሪያ አውርዶ ይገልጣል። ስለዚህ የሁለተኛው ቅጽ ምሥጢር መፈለግ ያለበት በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ነው፤ ታሪኩ በአዲስ አበባ እምብርት የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ከቤትና ከቦታ ጉዳይ ቢጀምር ይሻላል።

የመጀመሪያውን ቅጽ እንደ ደራሲ ሳይሆን እንደ ውርስ አጣሪ ማንበብ ያስፈልጋል። ውርስ አጣሪ የሚጠይቀው ምን አለ፣ ማን ወሰደው፣ ያልተከፈለ ዕዳስ የማን ነው የሚለውን ነው። ያለ ምክንያት ወደ አገሯ የተላከች ሠራተኛ፣ በዓመት በዓል መምጣት ያቋረጠ የክርስትና አባት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ የተረሳ የሁለት ወር ጉዞ ካለ በማስታወሻ ደብተር ላይ ከነገጽ ቁጥሩ ይመዝገብ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ማንሣት ታሪኩን ያጨናንቀዋል።

ቤት ያልኩበትን ምክንያት ላብራራ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም በካዛንቺስና በለገሃር በኩል ለሚኖር ባለጸጋ፣ ሀብት ማለት ለረጅም ዘመን ቦታና የሚከራይ ቤት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ። ከተወረሱት ውስጥ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ብዙ ደራስያን በዚህ ጊዜ ላይ ሲደርሱ የመወረሱን ሐዘን ይጽፋሉ፤ ሐዘኑ እውነት ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ለሁለተኛ ቅጽ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት የነበረው ሰው አንዱን መምረጥ ነበረበት። አባወራው ፒያሳ ያለውን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ትቶ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት መርጦ ከነበረ፣ የመጀመሪያውም ቅጽ ይህን «ዐይን ውስጥ ላለመግባት» ብሎ አልፎት ከነበረ፣ ሁለተኛው ቅጽ ጥያቄውን እንደገና ሊያነሣ ይችላል። በዚያች የጭቃ ቤት ውስጥ ያኔ ይኖር የነበረው ማን ነው?

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቤቱ ለወራሾቹ እንዲመለስ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 110/1987 የተመለከተው ከአዋጅ ውጪ የተወሰዱ ንብረቶችን እንጂ በአዋጅ 47/1967 መሠረት የተወረሰ ትርፍ ቤትን አይደለም። ይህ ልዩነት ለሕግ ባለሙያ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ለልቦለድ ጸሐፊ ግን ወርቅ ነው። ታላቅ ወንድም የፒያሳውን ቤት ለማስመለስ ከፈለገ ቤቱ ትርፍ እንዳልነበረ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይህን ለማስረዳት በጭቃዋ ቤት ማን ይኖርባት እንደነበር መናገር አለበት፤ ሊናገረው የማይችለው ደግሞ ይህንኑ ነው። ገንዘቡና ምሥጢሩ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ደራሲው በግድ የሚያጣላቸው ሰዎች አያስፈልጉትም፤ ወረቀቱ ራሱ ያጣላቸዋል።

ከዚያ በፊት ግን የዕድሜ ስሌት መሠራት አለበት። እኔ በአንድ ረቂቄ በ1964 ዓ.ም. የቀበርኩትን አጎት በ1968 ዓ.ም. ለቅሶ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ስሕተቱን ያገኘችው እናቴ ናት፣ እስከ ዛሬም ታነሣብኛለች። በሰፊ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የልደት ዓመት ይጻፍና በ1953፣ በ1967፣ በ1983 እና በ2016 ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይታይ። በ1967 ዓ.ም. የ45 ዓመት ጎልማሳ የነበረ አባወራ በ2016 በሕይወት ካለ 94 ዓመቱ ነው፤ ያኔ 16 ዓመቷ የነበረች የቤት ሠራተኛ ግን 65 ዓመቷ ነው፣ ገና ራሷ ገበያ ትወጣለች። እንግዲህ ዛሬ ለሚካሄድ ሁለተኛ ቅጽ ምሥጢሩን አውቀው በሕይወት የሚገኙት በአብዛኛው ጌቶቹ ሳይሆኑ ጓዳ የነበሩት ናቸው። በመጀመሪያው ቅጽ ስም እንኳ ያልሰጠናት ሠራተኛ በሁለተኛው ቅጽ ዋና ሰው የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እሷን እንዴት እናናግራት? ምሥጢሩን ተቀምጣ እንድትተርክ ማድረግ ቀላሉና ደካማው መንገድ ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ አለው፤ አንቱታ። አንድ ትዕይንት ላሳይ። አባወራው ከሞቱ አርባ ቀን ሞልቶ፣ የአርባው ማግስት ነው። ወንበርና ድስቱ ለዕድሩ ተመልሷል፣ ግቢው ውስጥ የቀረው የተረገጠ ቄጠማ ብቻ ነው። የቤቱ ታናሽ ልጅ ጓዳ ሆና ሲኒ ታጥባለች፤ አሮጊቷ ሠራተኛ ረከቦቱን እያበሰች ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «እሱ እንኳ ቡና በጨው ነበር የሚወደው» ትላለች። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «እሳቸው» እና «የሚወዱት» ስትል የኖረች ናት። ታናሽቱ ሲኒውን እንደያዘች ትቆማለች፣ ውሃው በክንዷ ቁልቁል ይወርዳል። ጥቂት ቆይታ፣ «እትዬ፣ ስኳሩን የት አደረግሽው?» ብላ ትጠይቃለች። ትዕይንቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ደብዳቤ የለም፣ ፎቶግራፍ የለም፣ የተለወጠው አንድ ግሥ ነው፤ አማርኛ አንባቢ ግን የአርባ ዓመት ትዳር ያህል ነገር ይሰማዋል። ይህ የሚሠራው ግን በሁለቱም ቅጾች ውስጥ አንቱታው አንድም ቦታ ሳይዛነፍ ተጠብቆ ከቆየ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሮቹን ብቻ ነጥሎ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል መፈተሽ ሊታለፍ የማይገባ ሥራ ነው። ዘመኑም ይታይ፤ በ1966 «ጌታዬ» የምትል ሠራተኛ በ1970 በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያንኑ ሰው «ጓድ» ብላ ልትጠራው ትችላለች፣ ማታ እቤት ስትገባ ምን እንደምትለው ደግሞ የደራሲው ጉዳይ ነው።

የንስሐ አባትም ምሥጢር ያውቃሉ። እሳቸውን ግን ማናገር አይገባም፤ የሰሙትን ኑዛዜ የሚያወጡ ካህን በልቦለድ ውስጥ ሲገቡ የሃይማኖቱን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል። በተዝካሩ ቀን፣ ሟቹ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ካስመዘገቧቸው ሙታን መካከል ቤተሰቡ የማያውቀው አንድ የክርስትና ስም ቢጠራ ይበቃል።

ኑዛዜን በተመለከተ በልቦለዶቻችን ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስሕተት የአልጋ ላይ ቃል ነው። አባት ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ «ቤቱ ለትንሿ ልጄ ይሁን» ይላል፣ ከዚያ ጠቡ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳሪነት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ካልሆነ በቀር አይጸናም፤ ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ (ውል የሚያዋውልና የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡ ብቻ ሳይሆን መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጎደለች ሰነዱ ዋጋ የለውም። ተናዛዡ በራሱ እጅ የጻፈው ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል፤ ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለውም በግልጽ ተጽፎና በቂ ምክንያቱ ተገልጾ ነው። በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ የቆመ ፉክክር አስፈላጊ የሆነውን ግጭት ሁሉ ያመጣል፤ ታናሽ ወንድም ኑዛዜውን አሥር ጊዜ አንብቦ «በፊታችን ተነበበ» የሚለው ቃል እንደሌለ ያየበት ሌሊት ከማንኛውም የሽጉጥ ትዕይንት ይበልጣል።

ጊዜውም ይቆጠራል። የውርስ ጥያቄ ጠያቂው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቀ በ3 ዓመት፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ፣ የዘር ርስት (ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት) ካልሆነ በቀር፣ ሟቹ ከሞተ ወይም መብቱን ሊሠራበት ከቻለበት ቀን በ15 ዓመት ይታገዳል። አባትየው በ1995 ዓ.ም. እንዲሞቱ ካደረግንና የማይታወቀው ልጅ በ2016 ከመጣ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል፤ የቀረው ሽምግልና ነው፣ ታሪኩም ስለ ይሉኝታ ይሆናል። በ2015 ከሞቱ ግን ታሪኩ ስለ ችሎት ነው። ደራሲው የሞቱን ዓመት ሲመርጥ የመጽሐፉን ዓይነት እየመረጠ እንደሆነ ይወቅ።

ፉክክሩን በቅንጦት መኪናና በሆቴል እራት ማሳየት ቀርቶ በለቅሶ ቤት ማሳየት ይመረጣል፤ ድንኳኑን ማን አስተከለ፣ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ማን ተቀመጠ፣ የሐውልቱን ጽሑፍ ማን አጻፈ የሚሉት ይበቃሉ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አንድ ክፍል ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ፈርሷል፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ተከትሏል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቅጽ የነበረው ጠጅ ቤትና ቅያስ በሁለተኛው ላይኖር ይችላል። ይህ ለደራሲው ችግር ሳይሆን መነሻ ነው። ቤት ሊፈርስ ሲል ምትክ ወይም ካሳ የሚጠይቅ ሰው ማስረጃውን ያቀርባል፣ ማንም ሊነካው ያልፈለገ ፋይል በዚያን ጊዜ ይከፈታል። ምዕራፍ አንድ ከዚህ ቢጀምር የፊተኛውን ቅጽ ያላነበበ ሰው እንኳ በቤቱ ላይ ስንት ሰው እጁን እንደዘረጋ በሦስት ገጽ ውስጥ ይገባዋል፤ «ባለፈው ቅጽ እንዳየነው» የሚል ማጠቃለያም አያስፈልግም። የፈረሰውን ሰፈር በትዝታ ብቻ መጻፍ ያሳስታልና ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ማገላበጥ ይጠቅማል፤ የወራሽነት ማስታወቂያዎቹን ማንበብ ብቻ የንግግሩን ቃና ያስተምራል።

በመጨረሻም ምሥጢሩ የሚገለጥበት ቦታ መወሰን አለበት። አብዛኞቻችን ለመጨረሻው ምዕራፍ እናስቀምጠዋለን፤ እኔ ከመጽሐፉ አጋማሽ እንዳያልፍ እመክራለሁ። የጓዳዋ ሴት ግሥ ከተለወጠ በኋላ ያሉት ገጾች ታናሽቱ የሰማችውን ይዛ ወዴት እንደምትሄድ የምናይባቸው ናቸው፤ ለታላቅ ወንድሟ ነግራ ቤቱን ታስመልሳለች ወይስ ዝም ብላ የክፍለ ከተማው ወረፋ ላይ ትቆማለች። እኔ የምጽፈው ቢሆን ወረፋው ላይ አቆማታለሁ፤ ተራዋ ደርሶ ሠራተኛው «በዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት የአሮጊቷን ስም ከነአባቷ ልትጽፍ ስትል፣ የአሮጊቷን አባት ስም እንደማታውቀው ያኔ እንድታስተውል።